ያልተሰማ ሸክላ ሰባት አድማጮች

ኮልፌ፣ ኅዳር 18 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክቡር የባሕር ማዶ ጥቅሎች መርማሪ ክፍል ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ራስዎ፣ ቤተሰብዎና ያ ቀይ ማኅተምዎ ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ደህና ነኝ፤ የነገውን ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት ስለ ራሴ ጤና ብዙ ባልናገር ይሻላል።

ስሜ ገመቹ ወዬሳ ይባላል፤ በኮልፌ ገበያ አጠገብ በርጩማና አግዳሚ ወንበር የምሠራ አናጢ ነኝ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ሰኔ ከስዊድን አገር አንድ የመዝሙር ሸክላ በፖስታ አዘዝኩ። እኛ በቤት ተሰብስበን የምንዘምር ጥቂት ሰዎች ነን፤ በዚህ ዓመት በክፉ ዓይን እንደምንታይም እናውቃለን። በድምፅ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብረን ጀምረን ለየብቻችን የምንጨርስ ነን። በሸክላው ላይ ያሉት ዘማሪዎች ድምፃቸውን እንዴት እንደሚያስማሙ ሰምተን ልንማር ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረንም። ሸክላው መስከረም ላይ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፣ ስለ ቀረጡ። በሦስተኛው መስኮት ያሉት ጸሐፊዎ፣ ሸክላው እንደ ሕዝብ ትርኢት ከተቆጠረ ቀረጡ የዋጋውን ሦስት እጥፍ እንደሚሆን፣ በቤት ውስጥ ብቻ የሚደመጥ ከሆነ ግን በጣም እንደሚቀንስ በትዕግሥት አስረዱኝ። መሐሉ የተበሳ አንድ ጥቁር ሳህን እንደ ሲኒማ ቤት ሊያስከፍል እንደሚችል እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፣ ስለ ፎርሙ። በቤት ውስጥ የሚደመጥ መሆኑ እንዲረጋገጥ የአድማጮቹን ስም፣ ሥራና ሰፈር የምሞላበት ወረቀት ተሰጠኝ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ እኔም የቀረጡን መቀነስ አይቼ ብዕር አነሣሁ። በእኛ ዘንድ በወረቀት ላይ ሐሰት መጻፍ ኃጢአት ነውና እኔን ጨምሮ ስድስታችንን ዘማሪዎች አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። ብዕሩን ልመልስ ስል ሸክላ ማጫወቻው የእኛ አለመሆኑ ትዝ አለኝ። የበየነ ነው። በየነ በአየር ጤና ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ፣ ታቦት ሲወጣ ቀድሞ የሚገኝ፣ ረቡዕና ዓርብን የማይሽር ጎረቤቴ ነው፤ ከእኛ ጋር አንድ ቀን እንኳ ዘምሮ አያውቅም። ነገር ግን ማጫወቻውን ሊያውሰን ቃል ገብቶልን ስለነበር፣ ባለ ዕቃው አጠገቡ ቆሞ መስማቱ አይቀርም ብዬ በሰባተኛው መስመር ላይ አሰፈርኩት። ጸሐፊዎ ይህን ያህል ጥንቁቅ ባለጉዳይ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። እኔም ሞኙ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

፫ኛ፣ ቀረጡን ከፍዬ ደረሰኝ ከተቀበልኩ በኋላ ሸክላው ለምርመራ እንዲቆይ ስለወሰኑ። ቃሉ ምን እንደሚል ተጠየቅሁ፤ ስዊድንኛ አልሰማምና አላውቅም አልኩ። የማያውቀውን ነገር ለመስማት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ምን አስቦ ነው ተብሎ በፋይሌ ላይ ሰፈረ። እዚያው ገጽ ላይ በቤቴ ውስጥ አሥራ አራት በርጩማ እንደሚገኝ ተጽፎ አየሁ። ክቡር ሆይ፣ በአናጢ ቤት በርጩማ ቢጠፋ ነበር የሚያስጠረጥረው፤ ቤቴ ገብቶ የቆጠራቸውን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ፣ ሸክላው በእርስዎ ቢሮ አምስት ጊዜ ተደምጦ ምንም እንዳልተገኘበት፣ በተለይ ሁለተኛውን ገጽ እርስዎ እንደወደዱት፣ ስለዚህም ገና ጥቂት ምርመራ እንደሚቀረው ጸሐፊዎ አበሰሩኝ። እንኳን ደስ አለዎት። ሸክላው ዛሬም እርስዎ ዘንድ ነው።

፬ኛ፣ ግራጫ ካፖርት ስለሚለብሱት ሰው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ በትንሿ ሴይቼንቶ ታክሲ ወደ ሰፈራችን መምጣት ጀመሩ። ማን እንደላካቸው አልተናገሩም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም። መጀመሪያ የሄዱት ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ የሺእመቤት ዘንድ ነው፤ በማግስቱ ልብስ ሰፊው ወልደ አማኑኤል ዘንድ። በፎርሙ ላይ እርሷ አንደኛ፣ እርሱ ሁለተኛ ናቸው። አጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። ነገር ግን የወልደ አማኑኤልን አባት ስም ስለማላውቅ በፎርሙ ላይ የጻፍኩት የአሳዳጊውን ስም ነበር፤ ሰውየውም በሩን አንኳኩተው የጠሩት በዚያው ስም ነው። በመላው ኮልፌ እንዲያ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። የመንግሥት ወረቀት አይንቀሳቀስም እያሉ የሚያሙ ሰዎች ቢኖሩ እኔ እከራከርልዎታለሁ።

፭ኛ፣ ስለ በየነ። ስድስታችንም በተራችን ተጠይቀን፣ ከእንግዲህ ተሰብስበን አንዘምርም ብለን ፈርመን ተለቀቅን። እኔም ፈርሜአለሁ፤ አፍሬበታለሁ። በየነ ግን የሚተወው መዝሙር ስላልነበረው የሚፈርምበት ነገር አጣ። አልዘመርኩም፣ ሸክላውንም አልሰማሁም አለ። ስድስቱ ያመኑትን እርሱ ብቻ ስለካደ፣ የነገሩ ራስ እርሱ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ኅዳር 7 ቀን ሐሙስ፣ እጁን ከግራሶው ሳይታጠብ ከጋራዡ ወሰዱት። ሚስቱ ዘመነች እነሆ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምሳውን ቋጥራ ከጣቢያ ጣቢያ ትዞራለች፤ በሁሉም ዘንድ እንዲህ ያለ ስም በመዝገባችን የለም ይሏታል። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታዋን አትነፍገኝም፤ አንጀቴን የሚያቃጥለው ይህ ነው። ስሙን የጻፍኩት እኔ መሆኔን እስካሁን አልነገርኳትም። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ የምለጥፈው፣ ሲነበብ እርሷም እንድትሰማው ነው።

፮ኛ፣ የከፈልኩት ቀረጥ ይቅር፤ ሸክላውንም ይውሰዱት። በየነን ይመልሱልን። ለዚህ የሚከፈል ነገር ካለ በስንተኛው መስኮት እንደሆነ ያስታውቁኝ።

በደጅዎ ቆሜ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጆሮዎ ጤናን፣ ለሌሊትዎም ሰላማዊ እንቅልፍን የምመኝልዎ፣

ታዛዥ ባለጉዳይዎ
ገመቹ ወዬሳ፣ አናጢ

ማስታወሻ፦ በፎርሙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ የአድማጮች ዝርዝር ስሕተት ያለበት እንደሆነ የሞላው ሰው በጽሑፍ እንዲያርም፣ ባያርም ግን እንደሚቀጣ ታዟል። ሕግ አክባሪ ነኝና በእጄ በቀረው ግልባጭ ላይ አርሜዋለሁ። ከሰባታችን አንዳችንም ያንን ሸክላ አልሰማንም፤ ስለዚህ የሰባታችንን ስም ሰርዤ በእርግጥ የሰሙትን አስገብቻለሁ። በአንደኛው መስመር ላይ እርስዎን፣ ከቢሮዎ በር ሰሌዳ በገለበጥኩት ሙሉ ስምዎ፤ በሁለተኛው ጸሐፊዎን። ስንት ጊዜ እንደተደመጠና የትኛውን ገጽ እንደወደዱም ጨምሬያለሁ። የታረመውን ፎርም ቅዳሜ ዕለት ለባለ ካፖርቱ ሰው በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያም ቤትዎ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደማውቃቸው ከሆነ ሁልጊዜ ከላይ ጀምረው በተራ ነው የሚሄዱት።