ፊቱ ያልተጨራመተው መኪና

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ትንሿ እህቴ አኔሊስ ክንዷ በጄሶ ከታሰረ ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን የሚያመኝን ታውቂዋለሽ፤ ከእሱ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ እዚያ የሚያስተምሯችሁ መኪና መሥራት ነው መስበር?» ብለሽ ስቀሽብኛል። ሁለቱንም ነው እማዬ። ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ ሒሳቡን ሁሉ እንማራለን፤ ዘንድሮ የያዝነው ግን ግጭት ነው። እያላተምን እናያለን።

ማክሰኞ የእኛ ቡድን የሠራው የመኪና ፊት ተራው ደረሰ። ኦቶ የሚል ስም ያወጣንለትን፣ በሰው ፋንታ ለሙከራ የሚቀመጥ የጎማ ሰው ቀበቶ አስረን አስቀመጥነውና መኪናውን ከሲሚንቶ ግድግዳ ጋር አላተምነው። ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። መስተዋቱ ረገፈ፣ የኦቶ ጭንቅላት ወደ ፊት ተወርውሮ ተመለሰ፣ አንድ እጁ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። አቧራው ሲገለጥ ግን የመኪናችን ፊት እንዳለ ነው! ያኒክ የሚባለው የቡድኔ ልጅ «ብረት ማለት ይሄ ነው! ጭረት እንኳ የለውም!» እያለ ዘለለ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

አስተማሪያችን ዶክተር ኤበርሌ እስክንጨርስ ጠበቀችንና «በርቱ፣ አጨብጭቡ፤ ቀብሩ መቼ ነው?» አለችን። የኦቶ አንገት ውስጥ ያለው መለኪያ፣ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይሞት ነበር ይላል። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ፊት የሚሠራው ሊጨራመት ነው። ምቱ እንደሆነ የትም አይጠፋም፤ ፊቱ አልቀበልም ካለ ውስጥ የተቀመጠው ይቀበለዋል።»

ቀበቶውን ከኦቶ ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ። የታየኝ የእኛ ቤት ነው፤ መጋረጃው የነጣ፣ ደረጃው የተወለወለ። የሕንፃውን ደረጃ የመጥረግ ሳምንታችን ሲደርስ ያቺ የተራ ሰሌዳ በራችን ላይ ትንጠለጠላለች፣ አንቺም እጅሽ በጄሶ ታስሮ እንኳ ጠርገሻል። ወይዘሮ ክናፕ ከታችኛው ፎቅ «እናትሽ እኮ ብረት ናት!» ትለኝ ነበር። ብረት! አባባ የሾርባውን ድስት ግድግዳው ላይ ይፈጠፍጠዋል፣ ፀጉርሽን ይዞ ከበሩ ጋር ያላትምሻል፤ በማግስቱ ፓውደር ትለብጪበትና ፊትሽ ላይ ምንም የለም። «ደረጃ ስጠርግ ወደቅኩ» ነው። እኔ ግን ተናድጃለሁ እማዬ። በእሱ ብቻ አይደለም፣ በአንቺም ተናድጃለሁ።

ሐሙስ ደግሞ ስለ አጥንት ተማርን። አዎ፣ ለመኪና ተማሪም አጥንት ያስተምራሉ። የሚወድቅ ሰው መዳፉን ወደ መሬት ይዘረጋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው አንጓው ላይ ነው። ፊቱን ሊከላከል ክንዱን ያነሳ ሰው ግን የሚሰበረው መሀል ክንዱ ነው። የአንቺ ያኔ የተሰበረው የት እንደነበር አልረሳሁም። ከክፍል ወጥቼ ወዲያው ደወልኩልሽና የአኔሊን ጠየቅኩሽ። ደረጃ ስትጠርግ ነው የወደቀችው አልሽ። የቱ ጋ ነው የተሰበረው ብልሽ «መሀሉ ላይ» አልሽኝ። ደግሞም «ጠንካራ ልጅ ናት፣ አላለቀሰችም» ብለሽ ጨመርሽበት።

ቅዳሜ አባባ ኳስ ሊያይ ስታዲየም እንደሄደ የያኒክን መኪና ይዤ ልወስዳችሁ እመጣለሁ። አሮጌ ናት፣ ፊቷም የተጨራመተ ነው፤ አትፈሪያት። የአኔሊን የትምህርት ቦርሳ፣ መታወቂያችሁንና የክረምት ጫማችሁን ብቻ ያዙ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ተዪለት። ሰሌዳዋን ግን ከበሩ ላይ እንዳታወርጃት፤ የሚመጣውን ሳምንት ደረጃውን እሱ ይጥረግ።

እስከዚያው እግዚአብሔር ክንዱን በላያችሁ ይዘርጋ፣ ከክፉ እጅም ይሰውራችሁ። አኔሊን በደህናው እጇ በኩል እቀፊልኝ።

ብርድ በመጣ ቁጥር መሀል ክንዷን የሚያማት
ትልቋ ልጅሽ