ሩቂያ እንቆቅልሽ ጠየቀች

ሰመራ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከደሴ ከመጣን ወዲህ ልጄ ሩቂያ ከእኔ በቀር ሰው አታናግርም፤ ትምህርት ቤትም ዝም ነው። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ ሻይ ቤቴ ውስጥ ሻይ እያፈላሁ በእንቆቅልሽ አጫውታታለሁ። ዛሬ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ሲገባ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

«እንቆቅልሽ!»

ክው አልኩ።

«ምን አውቅልሽ?» አላት።

«ቤቱን ይነዳል፤ ሲሞቀው ከቤቱ ሥር ይተኛል።»

ከእኔ አልሰማችውም፤ የራሷ ነው።

«ኤሊ?»

«አይደለም! አገር ስጠኝ።»

«ገላፊን ውሰጂ።»

«ገላፊ ገብቼ ምን አጥቼ! ጋሼ፣ መልሱ አንተው ነህ።»

ለካ ቀትር ላይ መኪናው ሥር አንጥፎ ሲተኛ አይታዋለች። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። እኔ እንባዬ መጣ፤ አልሐምዱሊላህ።

በኋላ እግሯን ሳጥባት፣ «እማ፣ ነገ ቲቸርን የቱን ልጠይቃት?» አለችኝ።