ጥቁር ነጠላዬ በዶሮህ ካርቶን ላይ

ይርጋዬ፣ የኔ ጌታ፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ከተለያየን ስምንት ወር ሊሞላ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ለኔ አዲስ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስሠራ መጽሐፍ ያልመለሱ ተማሪዎችን በደብዳቤ ሳስፈራራ ኖሬአለሁ። ያኔም መልስ የሚሰጠኝ አልነበረም፤ ስለዚህ ካንተ አልጠብቅም። አሁን የምጽፍልህ ግን ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ሰሞኑን እግራቸውን እያመማቸው ነው፤ ድንገት ቀድመውኝ ከመጡ በራሳቸው ቅመም አጣፍጠው ይነግሩሃል። እኔ ሳልቀባባ ልንገርህ። የሐዘን ነጠላዬን ለዶሮህ ሰጥቻታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። ቤቱ ደህና ነው። ዝናቡ ከጣና በኩል እየተነሣ ሰፈራችንን ሹም አቦን ጭቃ በጭቃ አድርጓታል። አንተ በሽቦ ያሰርኸው የጣሪያ ውኃ መውረጃ ዛሬም በሽቦህ ነው የቆመው። የባላቸውን ሬዲዮ ሳይነኩ የሚያስቀምጡ ሚስቶች አሉ ይባላል። እኔ ነክቼዋለሁ፤ ጣቢያውንም ቀይሬዋለሁ። ዜና የምትወደው አንተ ነበርህ።

ዶሮዎችህ አራቱም አሉ። ዳይሬክተሯን መቼም አትረሳትም። ከአንበሳሜ ገበያ ገዝተናት በሚኒባስ ስንመለስ፣ ከጭንህ ላይ አንገቷን አስግጋ ከፊት የተቀመጠውን ሰውዬ ጆሮ ወጋችው። ይቅርታ የጠየቅኸው አንተ ነህ፤ እሷ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች ታየው ነበር። «ይቺ ስብሰባ መምራት የለመደች ናት» ብለህ ስም ያወጣህላት እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ከፋብሪካ ስትገባ የሥራ ልብስህን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምታየው እሷን ነበር፤ ከዚያ እኔን። አልቀናሁም ብዬ አልዋሽህም።

በፍልሰታ ሁለተኛው ሳምንት አንድ ጧት የዶሮ ቤቱን ስከፍት ዳይሬክተሯ ጥግ ይዛ ቆማለች። ከበስተኋላዋ ሎሚ የሚያክል ቀይ ሥጋ ተንጠልጥሏል፤ የእንቁላል መውጫዋ ተገልብጦ ወደ ውጭ ወጥቷል። ሌሎቹ ሦስቱ ቀዩን አይተው በመንቁራቸው እየተፈራረቁ ይወጓታል። ትናንት ሲፈሯት የነበሩት ናቸው እንግዲህ። ነጥዬ አወጣኋት።

እትዬ ጥሩዬ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩና ወዲያው ፈረዱ፤ ትታረድ። ቀጥሎ ፆም መሆኑ ትዝ አላቸውና ፍርዱን አሻሻሉት፤ ለፆም ፍቺ እስክትደርስ በሕይወት ትቆይ፤ ቀድማ ከሞተች በክት ናት፤ ለማንም አትሆን። እኔ ዶሮዋን በብብቴ ይዤ በጭቃው ወደ እንስሳት ሐኪም ቤት ሄድሁ።

ሐኪሟ ልጃችን የምትሆን ወጣት ናት። እንቁላል ተሰንቅሮ እንደሆነ በጣቷ ፈተሸች፤ የለም። ከዚያ ለኔ አስረዳችኝ። ለብ ባለ ውኃ ጨው ጣል አድርጎ ማጠብ፣ እብጠቱ እንዲሟሽሽ ስኳር በጥብጦ መቀባት፣ ቫዝሊን ማለስለሻ አድርጎ በጓንት ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መመለስ። ከሌሎቹ መለየት፣ መኖ መቀነስ፣ ውኃ አለመከልከል። እንቁላል መጣሉን እንድታቆም ደግሞ ጨለማ ቤት ማስቀመጥ። ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አርዶ ይገላገላል አለችኝ። እኔ ብዙ ሰው አይደለሁም አልኋት።

ይርጋዬ፣ ያነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ ለዚህ አላዘጋጀኝም። ዶሮዋን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ፣ በአንድ እጄ ጅራቷን ገልጬ፣ በሌላው እያጠብሁ መለስሁት። ወጣ። እንደገና መለስሁት። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ መለስሁት። እሷም አንድ ጊዜ እጄን ወጋችኝ፤ ሥልጣኗን እንዳልለቀቀች ይገባኝ ዘንድ።

የቸገረኝ ጨለማው ነው። እሷን ያስገባሁበትን ካርቶን በማዳበሪያ ከረጢት ስሸፍነው አፏን ከፍታ ማለክለክ ጀመረች። ብርድ ልብሱ ታጥቦ በዚህ ዝናብ አልደረቀም። ጥቁር ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። አወለቅሁና አራት አጥፌ ጣል አደረግሁበት። ብርሃን ከለከለ፤ አየር አላሳጣትም። ዳይሬክተሯ ማለክለኳን ተወች። ነጠላው ከተገዛ ጀምሮ ለአንድ ፍጥረት ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ በነጭ ነጠላ ሱቅ ወጣሁ። ስኳር ይዤ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ሰፈር ገብቷል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ጥቁሯን ጣለች፤ ያውም ለዶሮ። እትዬ ጥሩዬ በደጅ ጠብቀው፣ እኔስ የማስበው ለሟቹ ነው አሉኝ። ሟቹ ዶሮ ይወድ ነበር አልኋቸው። እስከ ፆሙ መጨረሻ አላናገሩኝም፤ ይህንንም ከፆም በረከት ቆጥሬዋለሁ።

በፍቺው ጧት ወንድምህ አያ ደምስ ከአንበሳሜ መጡ። ቤቱ ወንድ የለውም፣ ማን ያርድላታል ብለው፣ ቢላቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ካርቶኑን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይኼ ለወንድሜ የለበስሽው አይደለም ወይ?» አሉኝ። ነው አልኋቸው። አንቺ ሴት፣ ሰው ምን ይለናል፣ ዶሮዋን አምጫት፣ ነጠላሽን አራግፈሽ ልበሺ አሉ።

አሁን የምጽፍልህን እስከ ዛሬ አልነገርሁህም። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ከመለሱህ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት፣ እያለቀስሽ ታስጨንቂዋለሽ ብለው ከክፍልህ ያስወጡኝ አያ ደምስ ናቸው። ያጠቡህ እሳቸው፣ ያገላበጡህ እሳቸው፣ ከንፈርህን ያረጠቡት እሳቸው። እኔ ሳሎን ከእንግዳ ጋር ተቀምጬ እግዜር ያጽናሽ ስባል ሰነበትሁ፤ አንተ ከግድግዳው ወዲያ እየተነፈስህ። እሽ ብዬ ተቀመጥሁ። ይቅር ያላልሁት እሳቸውን አይደለም፤ ያንን እሽታዬን ነው።

ስለዚህ ካርቶኑ ፊት ቆምሁና፣ ባሌን እንዳላጥብ ከለከሉኝ፣ ዶሮዋን ግን አይከለክሉኝም አልኋቸው። ሃያ ስምንት ዓመት «እርስዎ» ብዬ አንገቴን የደፋሁላቸው ሰው ናቸው። ያን ጧትም «እርስዎ» ነው ያልሁት፤ አንገቴን ግን አልደፋሁም።

አያ ደምስ ቢላውን ከነጋዜጣው መስኮት ላይ አስቀመጡና ስታጥቢያት ማን ይይዝልሻል አሉኝ። ጉልበቴ አልኋቸው። ጎንበስ ብለው ያዙልኝ። አያያዛቸው ክንፉንም እግሩንም አንድ ላይ የሚጠፍር፣ ለማረድ የሚያዝ አያያዝ ነው፤ ሌላ አያውቁም። ዳይሬክተሯም ነገሩ ገብቷት ቀጥ አለች። ውኃው ሲነካት ግን ተንቀጠቀጠች።

«ይርጋም ውኃ ሲነካው እንዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ፤ ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ።

የሱስ ውኃ ለብ ያለ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጎንበስ እንዳሉ አያያዛቸውን ላላ አደረጉ። እኔም ማጠቤን አላቆምሁም።

በዚያ የፆም ፍቺ ሹም አቦ ሁሉ ዶሮ ሲበላ እኛ ሽሮ በላን። አያ ደምስ ሳያኮርፉ፣ ሳይመርቁኝም ተነሥተው ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ መልእክት ላኩብኝ፤ ዘመድ ተነጋግሯል፣ እስከ ሙት ዓመቱ ጥቁሩን ትልበስ።

አልለብስም። ዳይሬክተሯ እነሆ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምንም አልወጣባትም። እንቁላል አትጥልም፤ ከእንግዲህ ላትጥልም ትችላለች፤ ማንም አልጠየቃትም። ቢወጣም ጨውና ስኳር ቤት ውስጥ አለ። ለሙት ዓመትህ እደግሳለሁ፣ ካህናቱንም እጠራለሁ፣ ዘመዶችህን በር ላይ ቆሜ የምቀበላቸው ግን በነጩ ነው።

አንተን አለመርሳቴን ለማንም በልብስ አላስመሰክርም። ውኃ ባሞቅሁ ቁጥር አንተን አስባለሁ። ለብ ማለቱን በክርኔ እለካለሁ፤ ያኔ ቢፈቅዱልኝ ላንተ እለካልህ እንደነበረው። ይህን ሳደርግ ሳሎን ሄደሽ ተቀመጪ የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ ይርጋዬ፣ ዕወቀው፣ አልነሣም።

ሚስትህ የሺ