ለሙት ዓመትሽ ያልገዛሁት ዓሣ

ይድረስ ለእኅቴ ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንቺና ጤና ከተኳረፋችሁ ይኸው ዓመት ሞላ። እኔ ያው ነኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል ንቅንቅ አላልኩም። ቤቱ ግን ሌላ ሆኗል። አባዬ ሬዲዮ መክፈት ትቷል። አልጋሽ ላይ ድመቷ ወለደች፤ እማዬ እሷንም አላስነሳም አለች። እኔም የማበሽቀው ሰው አጥቼ ጎረቤት ላይ ዞርኩ። እነሱ እንዳንቺ አይስቁም፣ ይከሱኛል።

ሙት ዓመትሽ የገና ጾም ላይ ዋለ። እማዬ ዓሣ ካልቀረበ አይሆንም አለች። የንስሐ አባታችን በጾም ዓሣ እኛ ዘንድ አልተለመደም፣ ሰው ያማል ብለው ተቆጡ። እሷም ልጄ ዕድሜዋን ለዓሣ ሰጥታ ነው የሞተችው፣ የፈለገ ይማ አለቻቸው።  ግዢው ለእኔ ተሰጠ፤ አስቢው፣ ለእኔ!

ማርቆስ ተወልደሽ፣ ባሕር በዓይንሽ ሳታዪ፣ የባሕር ዓሣ ምሁር መሆንሽ እስካሁን ያስቀኛል። ሌሎች በመርከብ ዞረው የለኩትን የዓሣ ርዝመት ቁጥር ታቅፈሽ ወጥ ቤት ስታሰዪ፣ የዓባይ አዞ ይቀርብሽ ነበር እልሽ ነበር። አንቺ ግን ታስረጂኛለሽ። ዓሣ በልጅነቱ ፈጥኖ ያድጋል፣ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ከልክ በላይ ሲጠመድ ትልልቁ ያልቅና መረቡ የሚያወጣው ትንንሹን ብቻ ይሆናል። ከርዝመቱ ብቻ ባሕሩ መራቆቱን አውቃለሁ ትዪ ነበር።

ከዓሣው በፊት ደግሞ የተማርሽው ያ ሒሳብ ነበር። እንደ ቁጥር የሚደመሩ፣ የሚባዙ፣ ርዝመትም ያላቸው ነገሮች አሉ አልሽኝ። ሁለቱን በጥቂቱ ብትነካካቸው ብዜታቸውም የሚነቃነቀው በጥቂቱ ነው፣ ዘሎ አይሄድም፣ ቀጣይነት ማለት ይኸ ነው አልሽ። እታለም፣ ማክሰኞ ራሴን አመመኝ ብለሽ ቅዳሜ ቀበርንሽ። ይኸ ካልዘለለ ምን ሊዘል ነው?

ብቻ ከጣና በበረዶ የሚመጣውን ዓሣ ልገዛ መናኸሪያ ወረድኩ። ሻጩ አወቀኝ። ዓሣውን ሁሉ በስንዝር እየለካሽ ስታስቸግሪው ልብስ ሰፊዋ ይልሽ አልነበር? ልብስ ሰፊዋስ አለኝ። ሞተች አልኩት። ሳጥኑን ከፈተልኝ። ያለው ሁሉ ከመዳፌ አያልፍም፤ ትልቁ ከጠፋ ሰነበተ አለኝ። አንዱን ሰንጥቆ አሳየኝ፤ እንቁላል የሚባል የለውም። እጄን ልሰድ አልኩና አቃተኝ። እንዲህ ያለውን አትግዛ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልድ ነው የተያዘው ስትዪኝ የኖርሽው መጣብኝ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። እማዬ የቀለድኩ መስሏት በትር አነሳች። ያሉት ሁሉ ሳይወልዱ የተያዙ ናቸው አልኳት። በትሩን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«እንኳን አላመጣህ። ሳትወልድ የሄደች አንድ ትበቃኛለች» አለችኝ።

ትናንት ተዝካርሽን በሽሮ አወጣንልሽ። እንግዶቹ ስለ ዓሣው ሰምተው ኖሮ ይጠባበቁ ነበር፤ ያሙን ይሆናል። ፍትሐቱ ላይ የክርስትና ስምሽ ሲጠራ አባዬ ከዘራው ላይ ተደፍቶ ቀረ። እኔ እንኳ ላሾፍ ብዬ ተውኩት።

እታለም፣ እማዬ ቢደክማት፣ አባዬም ከዚያ ከዘራ ቀና ባይል፣ ስምሽን በየዓመቱ ለካህናቱ የምሰጠው እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ለቁም ነገር የሚያምነኝ እንደሌለ ታውቂያለሽ። አንቺ እመኚኝ።

ታናሽ ወንድምሽ