ሦስት ወድቆ ዘጠኝ ያልኩበት እሁድ

የማርታ አባት፣

በትውልድ ቦታህ በተበላ አፈር አልብሰንህ ከተመለስን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቶሎ ልጽፍልህ ይገባ ነበር፤ ግን ደክሞኛል። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ አልታመምኩምም፣ ዝም ብሎ ድካም ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ቤቱ ደህና ነው። እናትህ ከተበላ መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ማርታ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች። አቮካዶው ዘንድሮ አፈራ፣ ግማሹን ወፍ በላው። ጃኬትህን ለወንድምህ ለደስታ ሰጠሁት፤ እጅጌው እያጠረው ለብሶት ይዞራል። በአንተ ቦታ ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት መጥቷል። ማርታ ጎበዝ ነው ትላለች፤ ከዚያ ደግሞ ከፍቶኝ እንደሆነ ፊቴን ታያለች። እኔ እዚያው ወሳኝ ኩነት ቢሮ ነኝ፣ የተወለደና የሞተ ስመዘግብ እውላለሁ።

የእሁዱን ጨዋታ አልተውነውም። ይህን ብትሰማ ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለህ ከዶርም ጓደኞችህ የተማርከው፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ መሪው ታሪኩን እየተረከ፣ ቁርጡን ዳይስ የሚለይበት ያ ጨዋታ። ሁለት የሉዶ ዳይስ፣ የጫማ ካርቶን ክዳን፣ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል ዳጣ። ስምንትና ከዚያ በላይ ከወጣ ይሳካል፣ ከዚያ በታች ከሆነ አይሳካም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቤታችን ቁማር ገባ ወይ ብለው ሊጠይቁ መጥተው፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ሰጥተህ አስቀምጠሃቸው፣ ሚስታቸው ፈልጋቸው እስክትመጣ ሳይነሱ የቀሩበትን ቀን አሁንም እያነሳን እንስቃለን።

ክዳኑ መሪው ከጀርባው ዳይሱን እንዲጥል ነበር። ለታሪኩ ሲል ቁጥሩን ቢለውጥ ማንም አያየውም፣ ብዙ መሪዎችም ያደርጉታል ብለህ የነገርከኝ አንተው ነህ። አንተ ግን የታሪኩን አገር የሣልክበትን ካርታ ብቻ ነበር የምትደብቅበት፤ ዳይሱን ሁልጊዜ ጠረጴዛው መሃል ትጥላለህ። ግትር ነበርክ። የማርታ ፈረሰኛ ከሶዶ ወደ ቦምቤ መልእክት ይዛ ስትሄድ የሞላ ወንዝ የወሰዳት ቀን ትዝ ይልሃል? አሥር ወር የተጫወተችባት ፈረሰኛ። አራት ወጣ፤ ሞተች አልክ። ልጅቱ ቦዬዋን ትታ ተነስታ ሄደች። እኔ ኩሽና ድረስ ተከትዬህ ተጣላሁህ። ከክዳኑ ጀርባ ጥለህ ስምንት ብትል ምን ይጎድልብሃል፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እኮ ናት አልኩህ። አንዴ እኔ ካዳንኳት፣ እስከ ዛሬ በራሷ የተሻገረችውም ሁሉ እኔ ያሻገርኳት ይመስላታል አልከኝ። የአስተማሪ ነገር ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። እኔ ልጅ ከሚያለቅስ ቁጥር ቢዋሽ ይሻላል ባይ ነበርኩ። ልቤ ዛሬም ወደዚያ ነው የሚያደላው፣ አልደብቅህም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። የምርመራው ውጤት የወጣ ቀን ሐኪሙ አንተን ውጭ አስቀምጦ እኔንና ደስታን አስገባ። እንደምታውቀው በእኛ ዘንድ ክፉ ውጤት ለቤተሰብ እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። ደስታ ልቡ ይሰበራል፣ አይስማ አለ፤ እኔም እሺ አልኩ። ኋላ የነገርናቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም ደግ አደረጋችሁ አሉን። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ውጤቱ ምን አለ ብለህ ጠየቅኸኝ። ጨጓራ ነው አሉ አልኩህ። አመንከኝና ሁለተኛ አልጠየቅህም።

ከዚያ ለሌለብህ ጨጓራ ብለህ ዳጣ ተውክ። ቡናም ተውክ። አምስት ወር ሙሉ ጣዕም የሌለው ምግብ እየዋጥክ ትንሽ ለቀቅ አርጎኛል ስትል፣ ሰሃኑን የማቀርብልህ እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ የጀመርክልንን ታሪክ መጨረሻም ሲሻለኝ እጨርስላችኋለሁ እያልክ አቆየኸው፤ ይዘኸው ሄድክ። ብታውቅ ኖሮ ትጨርስልን ነበር። ማርታን አጠገብህ አስቀምጠህ የምትላትም ነገር አይጠፋህም ነበር። ያንን ሁሉ የነጠቅሁህ እኔ ነኝ። ግን ደግሞ እነዚያን ወራት ሳትፈራ ኖርክ፤ ስቀሃል፣ የጓሮውን እንሰት ነቅለህ አስፍተህ ተክለሃል። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማሰቡም አድክሞኛል።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ፣ ጨዋታውን የምመራው እኔ ሆኜ፣ የማርታ አዲሷ ገጸ ባሕርይ ከሃላሌ ከተማ ማዶ አንድ ገደል ላይ ተንጠለጠለች። እኔ ዳይሱን ከክዳኑ ጀርባ ነበር የምጥለው። አንድና ሁለት ወጣ። ዘጠኝ አልኩ። ማርታ እጇን ሰዳ ክዳኑን አነሳችው። ደስታ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«እማዬ፣ አባዬንም ያልሽው እንዲህ ነው?» አለችኝ።

ለካ ከልብሶቼ ሥር የሸሸግሁትን የሐኪም ወረቀት አግኝታ ይዛው ኖራለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። ማን ማን ያውቅ ነበር አለች። እኔ፣ ደስታ፣ ሽማግሌው፣ መጨረሻ ላይ አያትሽ አልኳት።

«እንግዲያ ከእኔና ከአባዬ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር» ብላ ዳይሱን ሰበሰበች።

ከዚያ ወዲህ ትታዘዘኛለች፣ እቃ ታጥባለች፣ ደህና አደርሽ ትለኛለች፤ ቃሌን ግን አታምንም። ባለፈው ማክሰኞ እናትህ የደም ግፊታቸውን ሊለኩ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አብራቸው ገባች። እኔን በሩ ላይ አቆመችኝ። ነርሷን እዚያው አያቷ ፊት ጠይቃ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈች። እናትህ ደህና ናቸው። ደህና ናቸው እኮ ስላት ግን ደብተሯን ገልጣ ታያለች። ዳይሱንም አሁን ጠረጴዛው መሃል ነው የምጥለው፤ እርሷ የምትመለከተው ጣቶቼን ነው። አሥራ ሁለት ሲወጣላት እንኳ አትደሰትም። ያን ጊዜ ኩሽና ውስጥ ያልከኝ ይህንን ነበር መሰለኝ፣ አሁን ገባኝ። በንግግርህ ሳይሆን በልጅህ ፊት ገባኝ።

ማርታ ትመለስልኝ እንደሆነ አላውቅም። ግን ለእርሷ ነግሬ ለአንተ አለመንገሬ አላስቀመጠኝም። ስለዚህ ስማኝ። ጨጓራ አልነበረም። ጉበትህ ላይ የነበረው ካንሰር ነው። ሐኪሙ ተሰራጭቷል፣ ቢበዛ ስድስት ወር ነው አለን። ያን ቀን ባጃጁ ውስጥ እጅህን ይዤ እንዲህ ልልህ ይገባ ነበር። ይቅር በለኝ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ላልረሳህ ቃል እገባለሁ፤ ስምህ ሲነሳም ሳቅህን ብቻ መርጬ አላወራም፣ ያደረግሁብህንም ጨምሬ ነው የምናገረው።

ያን ቀን ብነግርህ ኖሮ፣ ስለ ራስህ ምንም ሳትጠይቅ፣ ማርታ ታውቃለች ወይ እንደምትለኝ አውቃለሁ። አሁን ታውቃለች።