ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ዝናብ

ውድ ባለቤቴ ጌታነህ፣ ከተለያየን እነሆ ስምንት ወር ሞላን። በሰው ፊት አንቱ እያልኩ ያከበርኩህ ይበቃል፤ አሁን የሚታዘበን ስለሌለ አንተ እልሃለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራው በሁለት ቦታ ያፈስሳል፤ እሱስ አንተም እያለህ ያፈስስ ነበር። ትልቁ ዜና ልጃችን ደስታ ከሽመናህ ጉድጓድ መግባቱ ነው። ደንበኞችህ ግን የልጁን እጅ አላምን ብለው አንድ በአንድ ሸሹ። የቀሩን አንዲት ወይዘሮ ናቸው። ለልጃቸው ሠርግ ቀሚስ አዘዙና፣ ካላማረ የሽመና ዕቃውን ሸጣችሁ ሌላ ሥራ ፈልጉ ብለውን ሄዱ።

ድሩን እንደ ወጉ ሜዳ ላይ መዘርጋት ነበረብን፤ ያውም በሐምሌ። ቀዩን ጥለት ዝናብ ከነካው ቀለሙን ነጩ ላይ እንደሚተፋ ታውቃለህ።

ጠዋት ጠዋት እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ እንጦጦን ትመለከት ነበር፣ ተራራው ደብዳቤ የጻፈልህ ይመስል። እኔም የደመና ሚኒስትር ብዬ ስም አወጣሁልህ፤ ሰፈሩም ተቀበለኝ። አንተ ሳትቀየም ታስተምረኝ ነበር። ከራስሽ በላይ ያለው ሰማይ ጠራ ብለሽ አትተማመኚበት፣ የእኛ ዝናብ ከተራራው ጀርባ ተደብቆ ነው የሚመጣው፣ ጭሱን እዪ ትለኝ ነበር። ቀን ፀሐይ ዳገቱን ሲያሞቀው የቤቶቹ ጭስ ወደ ተራራው ያዘነብላል። በድንገት ዞሮ ወደ ከተማው ከተኛ፣ ከተራራው ኋላ የዘነበበት ቀዝቃዛ ነፋስ ቁልቁል እየወረደ ነው።

መጀመሪያ ቀን ጭሱ ሲወላውል አየሁና ደስታን ሰብስብ አልኩት። ጠብታ አልወረደም። በሬዲዮናቸው የሚኮሩት ጎረቤታችን አቶ ታደሰ፣ ሚኒስትሩ ቢሞቱ ሚኒስትሯ ተሾሙ እንዴ አሉኝ። ልጅህ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠራ። ድሩን ዘረጋን። እኩለ ቀን ላይ ከላይኛው ሰፈር የሚወጣው ጭስ ቆም አለና ወደ እኛ ተጋደመ፤ የረጠበ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። ሰብስብ ስለው፣ እማዬ፣ ዛሬም እንዳታስቂብኝ አለ። ቢሳቅብን ድሩ አይረጥብም አልኩት። የመጨረሻውን ጫፍ ከደጃፍ ስናስገባ በረዶው ቆርቆሮውን ደበደበው። አቶ ታደሰ ልብሳቸውን ከገመድ ሊያወርዱ ሲሮጡ፣ ሬዲዮው ከውስጥ ስለ መልካም ቀን ያወራ ነበር።

ቀሚሱ አምሮ ሄደ። ወይዘሮዋም ለእህታቸው ነጠላ አዘዙ፤ የሸሹትም ደንበኞች መንገዱ ትዝ እያላቸው ነው። አቶ ታደሰ ልብስ ሊያሰጡ ሲሉ በአጥሩ ብቅ ብለው፣ ዛሬስ እንዴት ነው ይሉኛል። ኮስተር ብዬ ዳገቱን አያለሁ። አይቼ ከጨረስኩ በኋላም ትንሽ አቆያቸዋለሁ።

ማን አስተማረሽ የሚለኝን ሁሉ ባሌ ነው እላለሁ። በሕይወትህ ሳለህ ያልተናገርኩት እንዳትንቀባረርብኝ ብዬ ነበር፤ አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ በጉለሌ አንድ ምድጃ እስከጨሰ ድረስ አልረሳህም። ደስታም ልጅ ሲወልድ፣ ሕፃኑ አፉን ሳይፈታ ስምህንና የነፋሱን መንገድ አብሬ አስተምረዋለሁ።

ባለቤትህ አስካለ