ዳንቴል የለበሰው ዋይፋይ

ማክሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን 2009

«ኔትዎርክ አልነበረም» ያልኩት ውሸት ነው። ባለቤቴ ወይንሸት ያረፈች ዕለት የዋይፋዩን ሶኬት ከግድግዳው የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን።

ዛሬ ያስጻፈኝ የልጄ የሰብለ ስልክ ነው። ሰብለ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እመቤቷ ምሳ በልታ ስትተኛ፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በቪዲዮ ትደውላለች። ከዚያ ውጪ ስልክ መንካት አይፈቀድላትም። ዛሬ በቪዲዮ እምቢ ሲላት ካርድ ሞልታ በተራው ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ።»

«ጠይቂ የኔ ልጅ።»

«እማዬ ተቀይማኝ ነው አይደል የሞተችው? ያን ቀን ስደውል ስደውል የቆየሁት፣ ፊቴን ማየት ስላልፈለገች ነው አይደል?»

ክው አልኩ። እናቷ «አትሂጂ» እያለቻት መሄዷ እውነት ነው። ግን ይኼን በሆዷ ይዛ እንደኖረች በምን ልወቅ። የኔትዎርኩን ወሬ ለካ አንድም ቀን አላመነችኝም። አፌ ምን አለ? «ኧረ ኔትዎርኩ ነው ልጄ» አለ። አሁንም! ካርዷ አለቀና ተቋረጠ። 

ረቡዕ

ዋይፋዩን ዛሬም ድረስ ለምን እንደምነቅለው ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ይሞቃል። እጅ ሲያሳርፉበት የትኩሳታም ሕፃን ግንባር ነው።

ሁለተኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ይመጣል። የጎረቤቴን ቴሌቪዥን አንድ ቀን ጭስ አድርጎታል።

ሦስተኛ፣ በዚህ ጾም ቅዳሴው ቀን ነው። የምመለሰው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። በባዶ ቤት የሚግል ነገር ትቶ ይወጣል?

እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። አራተኛውን ለመጻፍ ግን እስክሪብቶው ከበደኝ።

እሺ። አራተኛ፣ ያን ቀን ኔትዎርክ አልነበረም ብያለሁ። ዋይፋዩ ሁልጊዜ የሚሠራ ከሆነ ማን ያምነኛል? ስለዚህ በየጊዜው መጥፋት አለበት። ውሸቴ እንዳይወድቅ ቆሜ የምደግፈው እኔው ነኝ። ይኼን ስጽፍ ደነገጥኩ። ሳስበው ኖሬ አላውቅም፤ እጄ ግን ያውቅ ነበር።

ዛሬ እንደበራ ትቼው ለመሄድ ቆረጥኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሼ፣ ነጠላዬን እያስተካከልኩ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከየት መጣ? እንጃ። ተመለስኩ። ዳገቱን በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩት ማለት ይቻላል። ቤቱ ደህና ነው። የዋይፋዩን ሳጥን ስነካው ግን ፈጀኝ። ነቀልኩት።

ቅዳሴውም አመለጠኝ። የሰብለ ስምንት ሰዓትም አለፈ።

ሐሙስ፣ ኪዳነ ምሕረት

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ከሕዝቡ መሐል ወጥተን ከዛፉ ሥር። እንደነገርኳቸው ልጻፈው።

ያን ቀን ወይንሸት አልጋ ላይ ነበረች። ስድስት ሰዓት ላይ የሞቀ ፕላስቲክ ሸተተኝና ዋይፋዩን ነቀልኩት። ቀዝቀዝ ሲል ልመልሰው። ከዚያ ውዳሴ ማርያም ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ዐይኗን ገልጣ «ሰብለ አልደወለችም?» አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ «አልደወለችም» አልኳት። ረስቼው ነው። በእግዚአብሔር ፊት፣ ረስቼው ነው። አሥር ሰዓት ላይ አረፈች። ለዘመድ ለመደወል ስልኬን ቻርጅ ልሰካ ወደ ግድግዳው ስሄድ ሶኬቱ ተንጠልጥሎ አየሁት። ለመጣ ሁሉ «ኔትዎርክ አልነበረም» ያልኩት ያኔ ነው። ሰዉም ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ስግደት ይሰጡኛል፣ ጾም ይጨምሩብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ለእኔ ነገርከኝ። ደግ አደረግህ። ለልጅቷስ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ካወቀች አትደውልልኝም።»

«እስከዚያ ድረስ እናቷ እንደተቀየመቻት ትኑር?»

 ስግደቱ በቀለለኝ።

ዓርብ



ጠዋት ሳጥኑን በፌስታል ይዤ ፈረስ መጋላ ገበያ ወረድኩ። ረምዚ ዘንድ። ረምዚ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ ድሮ የኔን ቴፕ ሠርቶልኛል። ግለቱን ካስተካከለልኝ ሳልነቅለው እውላለሁ ብዬ ነው። ከፌስታሉ አውጥቶ አየውና ሳቁን ለቀቀው።

«አቦ ጋሽ ታደሰ! ምንድነው ይሄ? ጨቅላ ነው እንዴ የሚያቅፉት?»

ዳንቴሉን ነው። ወይንሸት የሠራችለት ነጭ ዳንቴል፣ ዳር ዳሩ አበባ አበባ ያለው፣ ልክክ ብሎ የተሰፋ። ከገባ ጀምሮ አውልቄለት አላውቅም።

«ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስፈታ እንዲህ ያማረበት አላየሁም። ሙሽራ እኮ አደረጉት!»

«ተወኝ እስቲ ረምዚ። ይሞቃል። እሱን ንገረኝ።»

«ሳይሞቅ ታዲያ? ይዩማ» ብሎ ዳንቴሉን ገፈፈና ጎኑን አሳየኝ። ተርታ ተርታ ቀዳዳ። «መተንፈሻው ነው ይሄ። አፍንጫውን አፍነው ይዘውት ነው ትኩሳት አለው የሚሉኝ።»

ራቁቱን ሰክቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እሱ የሰው ሬዲዮ ሲፈታታ እኔ ቁጭ ብዬ አየሁት። ለጁምዓ ሊወጣ ሲል «እጅዎን ያሳርፉበት» አለኝ። ለብ ብሏል። ለብ ብቻ።

«ሌት ተቀን እንዲበራ ነው የተሠራው፣ ጋሼ። መብራቱን ከፈሩ ማረጋጊያ ይግዙለት። ዳንቴሉን ማን ሠራው?»

«ባለቤቴ።»

ሳቁን አቆመ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ዳንቴሉን በአራት አጥፎ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «አላህ ይማራት» አለ።

መንገድ ላይ የመጣብኝን ሐሳብ መደበቅ የለብኝም። «ያሞቀችው ራሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም» አልኩ በሆዴ። ቀለል አለኝ። ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። ቆምኩ። የሞተች ሚስቴ ላይ ልጭነው! ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋብኝ መሐል መንገድ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ደግሞም ትዝ አለኝ። ሳጥኑ የገባ ሰሞን እሷ ዳንቴሉን የጀመረችው ለቴሌቪዥኑ ነበር። «አቧራ ይገባበታል፣ ለዚህ አስቀድሚለት» ያልኳት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ነገርኳት።

ዛሬ ቅዳሴው በጠዋት ስለሆነ ቀድሜ ገባሁ። ዳንቴሉን በለብታ ውኃ አጥቤ አሰጣሁት። ሳጥኑን እንደ ራቁቱ ሰካሁት። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለች። ፊቷ መጣ። ከስታለች።

ሰላምታ እንኳ ሳላስጨርሳት ጀመርኩ። ዝግጅቴ ሁሉ ጠፋኝ። «እናትሽ አልተቀየመችሽም። ሁለት ጊዜ ጠየቀችሽ። ኔትዎርክ ነበረ። የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ እንዲሁ ባንድ ትንፋሽ።

 የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። አልተቋረጠም። ዐይኗ ያየኛል።

«ሁለት ጊዜ?» አለች።

«ሁለት ጊዜ።»

«ምን ብላ? ልክ እንዳለችው በልልኝ።»

«‹ሰብለ አልደወለችም?› ብላ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ስልኩ ዞረና ኮርኒስ ብቻ አየሁ፣ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ሰማሁ። እኔም አለቀስኩ። መልሳ ስታነሳው ፊቷ ሌላ ነበር። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

«ሁለት ዓመት፣ አባዬ! ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«አዎ።»

ይቅር በይኝ አልኳት።  ከወዲያ ቤት እመቤቷ ስትጣራ ተሰማ። ልትዘጋው እጇን ዘረጋችና ቆመች። «ነገም እንዳታጠፋው» አለች። ተዘጋ።

ይቅር ማለቷ ነው? ወይስ ነገ ቁጣዋን ልትጨርስብኝ ነው? አላውቅም። ይሁን።

ነገ እሑድ ነው። ስወጣ እጄ በልማዱ እንዳይነቅለው፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ጋር በፕላስተር ለጠፍኩት። አራት ዙር። አሁን አሥር ሰዓት ነው፣ የሳጥኑ መብራቶች ብልጭ ብልጭ እያሉ ነው። ዳንቴሉም ደርቋል፤ ለሳጥኑ ግን አልመልስለትም።